ናፍጣው ከቲማቲሙ ይቅደም

በፎገራ ሜዳ የመስኖ ቲማቲም ሲደርስ ገበሬው የሚጨነቀው ስለ ዋጋ ነው። ምርቱን የሚጭነው መኪና ናፍጣ ይኑረው አይኑረው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቲማቲሙ ይለቀማል፣ በሣጥን ሞልቶ አይሱዙ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሹፌሩ ወረታ ወይም ባሕር ዳር ሄዶ የማደያ ሰልፍ ይይዛል። ሰልፉ አንድ ቀን ከፈጀ ቲማቲሙም አንድ ቀን ሙሉ ሸራ ሥር ሲቀቀል ይውላል። አዲስ አበባ ሲደርስ ደላላው የፈረጠውን እያሳየ ዋጋ ይሰብራል፤ ኪሳራውም ዞሮ ገበሬው ላይ ያርፋል።

ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መኪናው ናፍጣ ሞልቶ ማሳው ዳር ሳይቆም ለቀማ መጀመር የለበትም። ገበሬው በሬ ሲገዛ ጥርሱን አይቶ ነው፤ ከሹፌር ጋር ሲዋዋልም ቁልፍ አስከፍቶ የነዳጅ ጌጁን ቢያይ ነውር የለውም።

ከወረታ አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጭኖ በሊትር 4 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ቢያንስ 150 ሊትር ይፈልጋል፤ የዓባይ በረሃ አቀበት ሲታሰብ መጠባበቂያም ያሻዋል። ይህን እያወቀ ያገኛትን ቀድቶ «መንገድ ላይ እሞላለሁ» የሚል ሹፌር ብዙ ነው። ቀጣዩ ማደያ ባዶ ቢሆንስ?

ናፍጣ መኪና እንደ ቤንዚን መኪና አይደለም። ነዳጁ ተሟጦ አየር ከሳበ፣ ተቀድቶለትም ቢሆን አየሩ ከመስመሩ እስኪወጣ ላይነሳ ይችላል። ዝቃጩም ፊልትሮውን ይዘጋል። ስለዚህ ሩብ ሳይደርስ መቅዳት ይሻላል። መንገድ ዳር በጄሪካን የሚሸጠው ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም፤ ፖምፓና ኖዝል ካበላሸ የጉዞው ትርፍ ጋራዥ ይቀራል። ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወርዱ ናፍጣ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ በፎሌ መልቀቅማ ጨርሶ እብደት ነው። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ካልተረገጠ ሞተሩ ከሞላ ጎደል ናፍጣ አይወስድም፤ ሞተሩ ከጠፋ ግን የፍሬኑ ጉልበት ይደክማል።

የሹፌሩ ጥንቃቄ ብቻውን ሰልፉን አያሳጥርም። ቀበሌው የለቀማውን ቀን አስቀድሞ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ፤ የንግድ ጽሕፈት ቤቱም ለሚጭኑት መኪናዎች በዋዜማው የመቅጃ ሰዓት ይመድብ። «ተራ ማስቀደም ለሙስና በር ይከፍታል» የሚሉ ኃላፊዎች አሉ። ስጋታቸው እውነት ነው፤ በደብዳቤ ብቻ ከተሠራ በደብዳቤው የሚነግድ አይጠፋም። ስለዚህ የሰሌዳ ቁጥሩ፣ ሊትሩና የሚጫንበት ቀበሌ ተዘርዝሮ ማደያው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሰልፈኛውም ያንብበው። ናፍጣ ወስዶ ሳይጭን የቀረ መኪና በማግስቱ ከዝርዝሩ ይሰረዝ።