ቤት ተገኝቶ ጎረቤት እንዳይጠፋ

በአዲስ አበባ የቤት ነገር ያላስጨነቀው ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት በተደረጉት ምዝገባዎች ስሙን ያስመዘገበው ሕዝብ በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠር ነበር። የጭቃ ግድግዳውና የጋራ መጸዳጃው ካስመረረው የቀበሌ ቤት ወጥቶ የራሱን በር በራሱ ቁልፍ የከፈተ ሰው ደስታው ቀላል አይደለምና፤ የሕንፃዎቹን መብዛት የምንነቅፍ አይደለንም።

ይሁን እንጂ እንደ ጀሞ፣ እንደ የካ አባዶና እንደ ቱሉ ዲምቱ ባሉት አዳዲስ መንደሮች የሚሰማው የነዋሪ ሮሮ ችላ ሊባል አይገባውም። ውሃው በፈረቃ ይመጣል፤ በመጣም ጊዜ ግፊቱ አንሶ ከላይኛው ፎቅ ሳይደርስ ይቀራል። ሥራው መሐል ከተማ፣ መኖሪያው ዳር የሆነበት አባት ልጆቹ ሳይነቁ ወጥቶ ከተኙ በኋላ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው በፈረሰ ጊዜም፤ ብዙ ዘመን በአንድ ዕድር የተቀባበሩ ጎረቤቶች ወደየዳርቻው ተለያይተዋል።

ከምናውቃቸው እናቶች አንዲቱ ልጃቸው ዕጣ ስለ ወጣለት አራተኛ ፎቅ ገቡ። ሕንፃው አሳንሰር የለውም፤ ጉልበታቸውም ደክሟል። ቀድሞ የቡናቸውን ሙቀጫ ሰምቶ ሳይጠሩት የሚመጣ ጎረቤት ነበራቸው፤ አሁን ግን በትይዩ በር የሚኖሩትን እንኳ በስም አያውቋቸውም ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት በጠና ታመሙ። ልጃቸው ብቻውን ሊያወርዳቸው ስላልቻለ፤ የማያውቃቸውን በሮች እያፈረ አንኳኳ። ሦስት ጎልማሶች ወጡለት፤ እናቲቱንም በወንበር ላይ አስቀምጠው አራቱም ተሸክመው አወረዷቸው። ይህን በሰማን ጊዜ፤ ድውዩን ከነአልጋው ተሸክመው በጣራ በኩል ያወረዱት የወንጌሉ አራት ሰዎች ትዝ አሉን። በወሩም በዚያው ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ቤተ ሰቦች ተሰብስበው ዕድር አቆሙ።

እነሆ፤ ቤት የሚሠራው በሲሚንቶና በብረት ነው፤ ሠፈር የሚሠራው ግን በመተዋወቅ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቍጥር 370 ደረጃው፣ ጣራውና ግቢው የባለቤቶች ሁሉ የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጎ፤ በማኅበር እንዲተዳደር አድርጓል። ብዙዎቻችን ግን ቤታችን ከበራችን ወዲህ ብቻ ያለው ይመስለናል። ለድግስ፣ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የተሠራው የጋራ ቤት ለኪራይ ገንዘብ ሲባል ሲዘጋም ዝም ብለን እናያለን፤ ኀዘን በደረሰብን ቀን ግን ድንኳን መትከያ እናጣለን።

ስለዚህ ከተማውን የሚያቅዱ ሁሉ ቍልፉን ከማስረከባቸው በፊት ውሃውን፣ ትምህርት ቤቱንና የሐኪም ቤቱን እንዲያስቀድሙ፤ ነዋሪም ከቦታው ሲነሣ የአንድ ዕድር ሰዎች በአንድ ሥፍራ እንዲሠፍሩ እንለምናለን። እናንተም ወላጆች፤ በዚህ ሳምንት ልጃችሁን ቡና ጠጡ እንዲል ወደ ትይዩው በር ላኩት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት አባቶቻችን፤ ጎረቤት በችግር ሌሊት ከመፈለጉ በፊት በደኅና ቀን መታወቅ እንዳለበት ያውቁ ነበር።