የኩላሊት ጠጠር፦ ባክቴሪያው ገና ነው፣ ውኃው ግን ዛሬ

አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር የሚሠራው ካልሲየም ኦክሳሌት ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ሲጣበቅ ነው። የአሜሪካ ተመራማሪዎች የአንጀት ባክቴሪያን ዘረመል ቀይረው ኦክሳሌትን እንዲበላ አደረጉት፤ ውጤቱም በ2025 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጣ። ባክቴሪያው ከባሕር አረም የሚወጣ ስኳር እየተመገበ እንዲኖር፣ ስኳሩ ሲቋረጥ እንዲጠፋ ታስቦ ነበር። በሰው ሲሞከር ግን በአንዳንዶች አልጠፋም፤ በሌሎች ደግሞ ዘረመሉ ተለውጦ ሥራውን ተወ። ተስፋው ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ገና ሙከራ ነው።

ለእኛ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ላብ ሲበዛና ውኃ ሲያንስ ሽንት ይወፍራል፤ ጠጠርም ይጀምራል። እህቶች፣ ሥራ ቢበዛም ውኃ ጠጡ። ጎናችሁን ከወጋችሁ ወይም ሽንታችሁ ደም ከቀላቀለ ለማዳም «ጀንቢ ዩጂዑኒ» በሉ፤ ጎኔን ያመኛል ማለት ነው። ትኩሳት ከተጨመረበት ለነገ አይባልም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።