ከሱዳን ስደት እስከ ሲያትል ሥልጣን፦ ግርማይ ዛሂላይ የመጡበት በር ዛሬ ተዘግቷል

ከመተማ ዮሐንስ ወደ ገላባት የሚያሻግረው አንድ አጭር ድልድይ ነው። ከገላባት እስከ ገዳሪፍ የተዘረጋው የምሥራቅ ሱዳን ምድር ጦርነትንና ረሃብን የሸሹ ኢትዮጵያውያንን ለአሥርት ዓመታት አስጠልሏል። ለጥቂቶቹ ደግሞ ሱዳን ወደ ሦስተኛ አገር መሸጋገሪያ ሆናለች።

ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ግርማይ ዛሂላይ ናቸው። ከኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሱዳን ውስጥ ተወልደው፣ በሦስት ዓመታቸው አሜሪካ ገቡ። በደቡብ ሲያትል አድገው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ፤ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲም ሕግ አጥንተው ጠበቃ ሆኑ።

በአውሮፓውያኑ 2019 ለኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት ተወዳድረው፣ ወንበሩን ለሩብ ምዕተ ዓመት የያዙትን አንጋፋውን የጥቁሮች መብት ታጋይ ላሪ ጎሴትን አሸነፉ። ዘጠኝ አባላት ያሉት ይህ ምክር ቤት ሲያትልን ጨምሮ 2.3 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ለሚኖርበት አካባቢ ሕግ ያወጣል፤ በጀትም ያጸድቃል።

በምክር ቤቱ ቆይታቸው ትኩረታቸው የመኖሪያ ቤትና የሠራተኛው ገቢ ነበር። ምክር ቤቱ በ2024 ባጸደቀው፣ እርሳቸው ባመነጩት ሕግ መሠረት፣ ከከተሞች አስተዳደር ውጭ ባሉ የካውንቲው ሰፈሮች በትልልቅ ድርጅቶች የሚከፈለው ዝቅተኛ ደመወዝ በ2025 መጀመሪያ በሰዓት 20.29 ዶላር ሆነ። በኅዳር 2025 ደግሞ የካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ ሆነው ተመረጡ።

ይህን ታሪክ የአንድ ሰው ትጋት ብቻ አድርጎ ማንበብ ጎደሎ ነው። ትጋቱ ፍሬ ያፈራው በር ስለተከፈተለት ነው። አሜሪካ በ1980 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ አማካይነት፣ በሱዳን የነበሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ሕጋዊ የመኖሪያ ዕድል አግኝተዋል።

ያ በር አሁን ከሞላ ጎደል ተዘግቷል። ፕሬዝዳንት ዶናልድ ትራምፕ በጥር 2025 የስደተኞች ቅበላ እንዲቋረጥ አዘዙ። ለ2026 የበጀት ዓመት የተፈቀደው ቁጥር 7,500 ብቻ ሲሆን፣ ቅድሚያውም ለደቡብ አፍሪካ ነጮች ተሰጥቷል። ቀደም ሲል ተወስኖ የነበረው ጣሪያ 125,000 ነበር። ስደተኛን የመቀበል ሥልጣን የፌዴራሉ መንግሥት በመሆኑ፣ የኪንግ ካውንቲ አስተዳዳሪ እርሳቸው ያለፉበትን በር ለሌላው መክፈት አይችሉም።

ይህ ሁሉ ለገዳሪፍ ሩቅ ወሬ አይደለም። በ1980ዎቹ ስደተኞችን ያስጠለለው ኡም ራኩባ በ2020 መጨረሻ፣ ከ60 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከትግራዩ ጦርነት ሸሽተው ወደ ሱዳን ሲሻገሩ፣ ዳግም ተከፍቷል። በሚያዝያ 2023 ሱዳን ራሷ በጦርነት ስትታመስ ደግሞ፣ የሸሹ ሱዳናውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ጎረፉ። አስጠላዩም ተሰዳጅ ሆነ።

በዚያን ጊዜ በገዳሪፍ መጠለያዎች የተወለዱ ሕፃናት ዛሬ ግርማይ አሜሪካ ሲገቡ ከነበሩበት ዕድሜ አልፈዋል። የጎደላቸው ተሰጥኦ መሆኑን የሚያሳይ ነገር የለም። የጎደላቸው የሚቀበላቸው አገር ነው።