ያረጀው የሱፍ ብርድ ልብስ ለእረኛው ካፖርት ይሁን

በጉራጌ ዞን የእዣ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አገናና አካባቢዋ ደጋ መሆናቸው የታወቀ ነው። ክረምት ገብቶ ጉሙ ከእንሰቱ ላይ አልነሣ ሲል ከብት ጠባቂው ልጅ ስስ ሹራብ ለብሶ መስክ ይውላል፤ ማታም ለመሞቅ ከምድጃው ሥር ተጠግቶ ያመሻል። ብዙ ጊዜ በዚያው ቤት፣ መሐሉ የሳሳ ዳር ዳሩ ግን ገና ደኅና የሆነ የሱፍ ብርድ ልብስ ታጥፎ ተቀምጧል። ይህ ጉዳይ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሊመክሩበት የሚገባ ነው።

ብርድ ልብሱን ቀዶ መስፋት እንደ ነውር የሚታይበት ምክንያት አለ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚገባ ልጅ ለወላጆቹ ይዞት የመጣ ስጦታ ሊሆን ይችላል፤ በ1957 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከደብረ ብርሃን ፋብሪካ የወጣም ይኖራል። አባት «የልጄን ስጦታ መቀስ አላስነካም» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ብል እየበላው የሚያልቅ ስጦታ ለሰጪውም ለተቀባዩም ክብር አይሆንም።

የመንዝ ገበሬ በጎቹን ሸልቶ፣ ሴቶች የፈተሉትን ጸጉር ወንዶች ሸምነው፣ ባናም በርኖስም ያደርጉታል። አንዱ የሌሊት፣ ሌላው የቀን ልብስ ነው፤ ሁለቱም የወጡት ከበግ ጀርባ ነው። በውጭው ዓለምም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1811 በካናዳ በአንድ የእንግሊዝ ጦር ሰፈር የወታደሮች ካፖርት ስላልነበረ፣ አዛዡ ብርድ ልብስ አስቀድደው ካፖርት አሰፍተዋል። ወታደር ያላፈረበትን እረኛ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ካፖርቱ የከተማ ልብስ ቅርጽ ላይኖረው ይችል ይሆናል፤ ላሟ ግን ቅርጽ አትመለከትም።

ጥንቃቄ የሚያሻው ከዚህ በኋላ ነው። ሱፍ የሚመስል ሁሉ ሱፍ አይደለም። ዛሬ በገበያ ላይ ያለው ብርድ ልብስም ሆነ ልባሽ ጃኬት አብዛኛው ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ሲሆን፣ እሳት ሲነካው ይቀልጥና ከገላ ጋር ይጣበቃል። በጎጆው መሐል በሚነድ ምድጃ ዙሪያ ለሚያመሽ ሕፃን ይህ ትልቅ አደጋ ነው። መለየቱ ቀላል ነው፤ አንድ ክር መዝዞ በእሳት መለኮስ ይበቃል። የሱፍ ክር እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ በጣት ሲፈትጉትም አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። እውነተኛ ሱፍ በቶሎ አይቀጣጠልም፤ ካፊያ ቢነካውም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ቅማል ነው። ተስቦና ግርሻ የሚተላለፉት በልብስ ቅማል ስለሆነ፣ ብርድ ልብሱ ከመቀደዱ በፊት በጣም በሞቀ ውኃ መታጠብ አለበት። የሞቀ ውኃ ሱፉን ያሳጥረዋል የሚል ሰው ትክክል ነው፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ሱፉ ሲሰበሰብ ይጠብቃል፣ ነፋስ አያሳልፍም፣ ሲቀደድም ጫፉ እንደ ልብ አይተረተርም። ማጠር ያለበት ግን ከመሰፋቱ በፊት ነው፤ ከተሰፋ በኋላ ቢያጥር ካፖርቱ ለታናሽ ወንድም ይተርፋል። ጀርባና ደረት ከዳር ዳሩ ሊቀደዱ ይገባል፤ የሳሳው መሐል ለገበር ይሆናል።

ሥራውን የሚያውቁት በገበያ ቀን መኪናቸውን ዘርግተው የሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች ናቸው። መሪዎቹ ከእነርሱ ጋር የስፌት ዋጋ ቢዋዋሉ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩም ክርና ቁልፍ በጅምላ ቢገዛ፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚከብደው ወጪ ይቀላል። አሮጌ ብርድ ልብስ እንኳ የሌላቸው ቤቶች ስላሉ፣ ትርፍ ያለው ለማኅበሩ እንዲሰጥና የሙት ልጆች ቅድሚያ እንዲያገኙ በስብሰባ መወሰን ይቻላል። የመስቀል ልብስ ስፌት ሲደርስ ሰፊዎቹ ጊዜ ስለማይኖራቸው፣ ብርድ ልብሱ በሚያዝያ ፀሐይ ታጥቦ ቢደርቅና ቅዱ በግንቦት ቢጀመር እረኛው ካፖርቱን ለሰኔ ዝናብ ያደርሰዋል።