«ይሄማ ስፌት ነው»

የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የሆነችው ልጄ ሦስተኛ ዓመት ላይ ደርሳ «ትምህርቴን ወደ ዲዛይን ልቀይር ነው» ካለችኝ ወር አልፎታል። ወሩን ሙሉ ምን ምን እንዳልኳት አልዘረዝርም፤ እናንተም በየቤታችሁ የምትሉትን ነው ያልኩት። ሥዕል ጥሩ ነው ግን የትርፍ ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ዲግሪሽን ያዢ፤ የእከሌ ልጅ እኮ ባንክ ገባች። እሷም መከራከሩ ሲሰለቻት ሦስት ትኬት አምጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ቅዳሜና እሁድ፣ እዚሁ አዲስ አበባ የሚካሄድ የዲጂታል ዲዛይንና የፈጠራ ጉባኤ ነው። «መጥተሽ ስሚና ከዚያ እምቢ በይኝ» አለችኝ። ሦስተኛው ትኬት የእናቴ ነበር። ቅዳሜ ቤት አብሯቸው የሚውል ሰው ስላልነበረን እንጂ የሰማንያ ዓመት አሮጊት ዲዛይን ልታጠና አስባ አይደለም።

እንዲህ ያለው ስብሰባ በሌላው ዓለም የቆየ ነው። ኬፕታውን ላይ «ዲዛይን ኢንዳባ» የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1995፣ የባርሴሎናው «ኦፍ» ደግሞ በ2001 ተጀምረዋል። ነገሩ ቀላል ነው፤ አንድ ነገር የሠራ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ እንዴት እንደሠራው ያሳያል፣ ሌላው ተቀምጦ ይሰማል፣ ከዚያ ይጠየቃል። እኔ ግን ዐውደ ርዕይ መስሎኝ ስለነበር የምንገዛውን ሳስብ ነበር የሄድኩት።

የመጀመሪያውን ተናጋሪ በሐሜት አትያዙብኝና አልወደድኩትም። ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፣ በስክሪኑ ላይ የገዛ ሥራዎቹ ይሮጣሉ፣ እሱ ደግሞ በየአምስት ደቂቃው «የልባችሁን ፍላጎት ተከተሉ» ይላል። ልቡን ተከትሎ የቤት ኪራይ በማን እንደከፈለ አልነገረንም። እናቴ አዳራሹ በርዷቸው በነጠላቸው ተጀቡነው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እኔም በልቤ «ተገላገልኩ፤ መልሴ ያው ነው» አልኩ።

ሁለተኛዋ ተናጋሪ ለስላሳ ድምፅ ያላት ወጣት ናት። ሙዚቃ የለም። ስክሪኑ ላይ የምናየው ባዶ ካሬ ብቻ ነው፤ እንደ ሒሳብ ደብተር በትንንሽ ቤቶች የተከፋፈለ፣ ወደ ጎን 32 ወደ ታች 32። ስለ ሱዛን ኬር ነበር የምታወራው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ላይ የነበሩትን ትንንሽ ሥዕሎች፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን፣ ፈገግ የሚለውን ኮምፒውተር፣ የሣለችው እሷ ናት። ሥራውን ስትጀምር የኮምፒውተር ግራፊክስ ልምድ አልነበራትም፤ የተማረችው ሥነ ጥበብ ነው። ባለ ካሬ ወረቀት ገዝታ አንዱን ቤት እያጠቆረች፣ ሌላውን ነጭ እየተወች ሣለች። እነዚያ የወረቀት ረቂቆች ዛሬ በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ። ታዲያ ያለ ኮምፒውተር ልምድ እንዴት ቻለችበት? እናቷ በልጅነቷ ክር እየቆጠሩ የሚጠለፍ ጥልፍ አስተምረዋታል። የኮምፒውተሩ ነጠብጣብ ሥዕል ከጥልፍና ከሞዛይክ ጋር አንድ ሆኖ ነው ያገኘችው።

ተናጋሪዋ ይህን እያለች ካሬዎቹን አንድ በአንድ ስታጠቁር እናቴ ነቅተው ኖሯል። «ይሄማ ስፌት ነው!» አሉ። በሹክሹክታ ቢሆን ደግ ነበር፤ ጆሯቸው ስለደከመ ድምፃቸው ከፍ ይላል። አዳራሹ ዞረ። ልጄ ፊቷን በደብተሯ ሸፈነች። ተናጋሪዋ ግን ቆም ብላ «እማማ፣ እርስዎ ይሰፋሉ እንዴ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

እናቴ ስንደዶና አክርማ ይዘው ነው ያደጉት። መሶብ፣ ሙዳይ፣ ሰፌድ ሰፍተው እኔን ትምህርት ቤት የላኩ ሴት ናቸው። ይህን እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ለሰው ተናግሬዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ትዝ አላለኝም። ታዲያ ተነሡና፣ ማይክራፎኑን እንደ ወስፌ ጨብጠው፣ «ያንቺው ቀላል ነው ልጄ። አራት ማዕዘን ነው፣ አይንቀሳቀስም። መሶብ ግን ክብ ነው፤ ዙሩ በሰፋ ቁጥር ቁጥሩም ይጨምራል። አበባው ከታች በስድስት ከጀመረ ከላይ በስንት እንደሚያልቅ ሳትጀምሪ ነው የምታውቂው። ካላወቅሽ ፈርሶ ይሰፋል» አሏት። ሰው ሳቀ፤ ተናጋሪዋ ግን አልሳቀችም፤ ስልኳን አውጥታ ጻፈችው።

ከምሳ በኋላ የፊደል ቅርጽ የሚሠራ ልጅ ቀረበ። እዚህ ላይ እኔም ተነቃቃሁ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያ ሥራዬ የጽሕፈት መኪና ላይ ነበር። በእኛ ዘመን የፊደሉን ቅጥያ ለብቻው ነበር የምንመታው፤ እግሩ እዚህ፣ አካሉ እዚያ፣ አንዳንዴም ቀለበቱ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ ኮምፒውተር መጣ፣ ችግሩ ግን ሌላ ሆነ። በአንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የጻፍነውን ደብዳቤ በዲስኬት ይዘን ሌላ መሥሪያ ቤት ስንወስድ ማንም የማያነበው ምልክት ሆኖ ይከፈታል። ልጁ ምክንያቱን ሲያስረዳ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ገባኝ። እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሎቻችን የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የጋራ የዓለም መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ «ሀ» ለሁሉም መሣሪያ ያው አንድ ቁጥር ሆነ፤ ዛሬ ከሪያድም ሆነ ከዋሽንግተን ለልጅ ልጆቻችሁ የምትጽፉት መልእክት ሳይዛባ የሚደርሰው ለዚህ ነው።

ቁጥር መስጠቱ አንድ ነገር ነው፣ ቅርጽ መስጠቱ ሌላ። ልጁ «ጠ»ን እና «ጨ»ን፣ «ደ»ን እና «ጀ»ን በስልክ ስክሪን ልክ አሳንሶ ጎን ለጎን አስቀመጠ። መለያ ሰረዟ ትጠፋለች። ሰባቱ ቤት የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ስለሆነ ለላቲን ፊደል የሚበቃው መጠን ለእኛ አይበቃም፤ ብዙ የስልክ መተግበሪያ ግን የሚለካው በላቲኑ ነው። ለአንድ ፊደል እግር ውፍረት ሦስት ቀን እንደሚቆይ ሲናገር ድሮ ቢሆን «ሥራ ፈት» እለው ነበር። አጠገቤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልካቸውን ወደ አፍንጫቸው የሚያስጠጉ እናቴ ባይኖሩ ኖሮ።

እሁድ ጠዋት ግን አዳራሹ ቀዘቀዘ፤ አየሩን አይደለም የምላችሁ። ርዕሱ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። አንድ ጎልማሳ ዲዛይነር ሳይደብቅ ተናገረ፤ ለሱቃቸው ምልክት ሊያሠሩ ይመጡ የነበሩ ደንበኞች ዛሬ ማሽን የሠራላቸውን ምስል ይዘው መጥተው «ይህን ብቻ አስተካክልልኝ» ይላሉ፤ ክፍያውም በዚያው ልክ ነው። ቀጥሎ ማሽኑ የሠራውን የአማርኛ ማስታወቂያ አሳየን። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ጽሑፉ ግን ፊደል ይመስላል እንጂ ፊደል አይደለም፤ ሰው ሳይማር ፊደል ለመምሰል የጫረው ዓይነት ነው። ወጣቶቹ ከት ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ነገ ይታረማል ብዬ ፈራሁ። እሱም ሳቁ ሲበርድ ያንኑ አለ።

እጄን አወጣሁ። ልጄ እጄን ልታወርድ ሞክራ ነበር። «እኔ እናት ነኝ፣ ዲዛይነር አይደለሁም። ከዚህ ሥራ እንጀራ ይበላል ወይ?» አልኩት። ለሌሎች የሰጡት ዓይነት መልስ አልሰጠኝም። ሥራ ይገኛል አለኝ፤ ከውጭ ደንበኛም ጭምር፣ ግን ክፍያውን ወደ አገር ማስገባቱ ያንገላታል። አንዳንድ ወር ጥሩ ነው፣ አንዳንድ ወር ባዶ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ልጄ ባትሰማው በወደድኩ ነበር፣ ወይም ከእኔ ይልቅ እሷ ብትሰማው፣ አላውቅም፤ «በጣም የጎዳኝ ዋጋ መተመንና ደረሰኝ መያዝ አለመቻሌ ነው፤ ሒሳብ የሚያውቅ ዲዛይነር ባገኝ ነገ እቀጥረዋለሁ» አለ። ወደ ልጄ ዞርኩ። እሷ ወደ እኔ አልዞረችም።

በሁለቱ ቀናት መድረኩን ካየሁት ይልቅ እሷን ነው ያየሁት። ቤት ውስጥ ደብተሯን ከፍታ ጣሪያ የምታይ ልጅ፣ እዚያ ሻይ ዕረፍት ላይ ሳይቀር ስትጽፍ ነበር። የማላውቃቸውን ሰዎች ሄዳ ታናግራለች። ይህቺ ልጅ እኮ ጎረቤት ሰላም በይ ስትባል የምትደበቅ ነበረች።

ማታ ስንመለስ ተነጋገርን፤ መጮህም ነበረበት። በመጨረሻ የሒሳብ አያያዙን የቀረ ዓመት ልትጨርስ፣ እኔ ደግሞ የማታውን የዲዛይን ትምህርት ከዚህ ወር ጀምሮ ልከፍል ተስማማን። እሷ አሁንም ተጭበርብሬያለሁ ትላለች። ምናልባት እውነቷን ነው፤ አንድ ዓመት በሃያ አንድ ዓመት ዕድሜ ረጅም ነው። ተመዝግባለች።

ከዚያ ወዲህ በየማታው ከእናቴ ጋር ባለ ካሬ ወረቀት ዘርግተው ይቀመጣሉ። የመሶቧን አበባ በኮምፒውተር ልታወጣው ትፈልጋለች፤ ክቡ በካሬ አልገባ ብሎ ያስቸግራቸዋል። ትናንት ልተኛ ስገባ እናቴ «አይ፣ እዚህ ጋ ሁለት ጨምሪ አልኩሽ እኮ» እያሉ ነበር።