ልጆቻችንን አስተርጓሚ አታድርጓቸው
ለዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት አባላት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የምክር ቤቱ አባላት፣

ምክር ቤታችሁ እ.ኤ.አ. በ2004 ያጸደቀው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ለእኛ ለአበሾች ትልቅ ውለታ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግላቸው ሰዎች 3 በመቶው ወይም 500ው፣ ከሁለቱ አነስተኛው ቁጥር፣ እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ከሆኑ ዋና ዋና ወረቀቶቹን በቋንቋቸው ማዘጋጀት አለበት። አስተርጓሚም በነፃ ያቀርባል። አማርኛም ከስፓኒሽና ከቬትናምኛ እኩል ቦታ አግኝቷል። እናመሰግናለን።

የሚቸግረን መስኮቱ ጋ ስንደርስ ነው። በቅርቡ አንድ ቢሮ ውስጥ ተራ ስጠብቅ ከፊቴ አንዲት እናት ነበረች። አሥር ዓመት የሚሆነው ልጇ የትምህርት ቤት ቦርሳውን እንዳዘለ ያስተረጉምላታል። ሠራተኛዋ አባቱ አብሯቸው ይኖር እንደሆነ፣ ገንዘብ ይሰጣቸው እንደሆነ ጠየቀች። ልጁ ወደ እናቱ ዞር ብሎ «ስለ ትምህርቴ ነው የምትጠይቀኝ» አላት። ለሠራተኛዋ ደግሞ በእንግሊዝኛ «ትቶን ሄዷል» ብሎ መለሰ። እናትየው ምን እንደተባለ ሳታውቅ ፈረመች። ከሠራተኛዋ ጀርባ ግድግዳው ላይ አስተርጓሚ በነፃ እንደሚገኝ በአማርኛ የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጥፏል።

ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ሰልፉ በሩ ድረስ ደርሷል፤ አስተርጓሚ በስልክ እስኪገኝ ጊዜ ይወስዳል፤ ልጁ ደግሞ እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል። እናትየውም አስተርጓሚ መጠየቅ ሰው ማስቸገር ይመስላታል፤ ይሉኝታ ይዟታል። እኛም ብንሆን ልጁን «ጎበዝ!» እያልን ራሱን ከመደባበስ በቀር ነገሩን ነውር አላደረግነውም።

ሕጉ ያልተከበረለት ሰው ለሰብአዊ መብቶች ቢሮ አቤት ማለት እንደሚችል አውቃለሁ። ግን የጥገኝነት ጉዳዩ ያልተቋጨ ሰው መንግሥትን ይከሳል? «ወረቀቴ ቢበላሽብኝስ» ብሎ ይፈራል። አቤቱታ አልመጣምና ችግር የለም ብላችሁ እንዳትደመድሙ የምለምናችሁ ለዚህ ነው።

በየዓመቱ መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቶችን አፈጻጸም ስትገመግሙ እያንዳንዱን ኃላፊ ሁለት ቁጥር ጠይቁልን፤ ስንት አማርኛ ተናጋሪ አስተናገድክ? ለስንቱስ አስተርጓሚ ጠራህ? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአመዛኙ በልጆች፣ በጎረቤትና በግምት የተሞላ ነው። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በየትኛውም መስኮት እንዳያስተረጉም ይደረግ። አስተርጓሚ ለመጥራት የባከነው ደቂቃም በሠራተኛዋ የሥራ ምዘና ላይ አይቆጠርባት፤ አለዚያ ማንም ስልኩን አያነሳም።

ሰው አጣን እንዳትሉ ደግሞ አገር ቤት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰዎች እዚህ ታክሲ ይነዳሉ፣ ፓርኪንግ ይጠብቃሉ። ፈትናችሁ፣ አሠልጥናችሁ፣ ደህና ደመወዝ ከፍላችሁ ቅጠሯቸው። የጎረቤት ውለታ አድርጋችሁ ግን በነፃ አትጠይቋቸው።

በዚህ ጉዳይ ሕዝቡን ለመስማት ከፈቀዳችሁ ስብሰባውን በምሽት አድርጉት፤ ቀን ሥራ ላይ ነን። የሻው ቤተ መጻሕፍት የአበሻ ምግብ ቤቶች ከተሰለፉበት ከ9ኛው መንገድ ሩቅ አይደለም፤ እዚያ ብትጠሩን እንመጣለን። እናቶች በአማርኛ ስለሚመሰክሩ አስተርጓሚውን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የከተማዋ ነዋሪ