የሚበርረው ይከልከል ወይስ መልስ ይሰጠው?



ሰሞኑን በየመኝታ ቤቱ በሚደረገው የኮምፒዩተር የጦር ጨዋታ ውድድር አንድ ክርክር ተነሥቷል። «ዘንዶውም ሆነ ግሪፈኑ፣ ክንፍ ያለው ተዋጊ ሁሉ ከውድድሩ ይውጣ» የሚሉ ወገኖች አሉ። እግረኛው ሽቅብ እያየ ከማለቅ በቀር የሚያደርገው የለም ነው ምክንያታቸው። ሌሎች ደግሞ «አይውጣ፤ ነገር ግን ጉልበቱ በግማሽ ይቀነስ» ይላሉ። የሁለቱም ወገኖች ቅሬታ እውነት ነው፤ መድኃኒታቸው ግን በሽታውን የሚያብስ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ በራሪው ለምን እንደ ተፈጠረ እንመልከት። እኛ የአምባ አገር ልጆች ነን። ዙሪያው ገደል፣ መግቢያው ጥቂት በር የሆነ ስፍራ ምን ያህል ለጠባቂ እንደሚያደላ መቅደላን ያየ ሰው ያውቀዋል። በጨዋታውም ጠባቧን በር በግንብ ዘግቶ የተቀመጠ ሰው አይነቀነቅም፤ ጨዋታውም አያልቅም። በራሪው የተፈጠረው ይህን ሰው ከተኛበት ለማንሣት ነው። እንግዲህ በራሪውን ብንከለክል በሩን ዘግቶ የሚቀመጠውን እናነግሠዋለን እንጂ ደካማውን አናድንም።

ይሁን እንጂ መልስ የሌለው ኃይል ምን እንደሚያደርግ ወሎ ከማንም በላይ ያውቃል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተኩሰውባቸዋል። አገሪቱ ግን የአውሮፕላን መቃወሚያ መሣሪያ እጅግ ጥቂት ስለ ነበራት ጀግንነት ብቻውን ሰማዩን ሊዘጋ አልቻለም። እውነተኛ ጦርነት ለፍትሕ ግድ የለውም። የጨዋታን ሕግ ግን የምናወጣው እኛ ስለ ሆንን ፍትሕ ከጎደለው ጥፋቱ የእኛው ነው።

ይህን ፍትሕ ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ይበቃል። ተራ ሳይጠብቁ መጫወት የኮምፒዩተር ፈጠራ የሚመስለው ቢኖር፣ በሰንጠረዥ መክፈቻ ላይ ያለውን «ወረራ» ይመልከት፦ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ባላንጣዎች ያለ ተራ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። በዚሁ ጨዋታ ውስጥ ፊል፣ ማለት ዝሆኑ፣ በሰያፍ ወደ ሦስተኛው ቤት ይዘልላል፤ መካከል ላይ የቆመ ጠባቂ አያግደውም። የእኛ በራሪ እርሱ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን አጠገቡ ተጠግቶ የቆመውን ጠላት አይነካም፤ ከ64ቱ ቤቶችም ዕድሜውን ሙሉ የሚደርስባቸው 8 ብቻ ናቸው። አባቶች ዝላዩን አልከለከሉትም፤ ወሰን አበጁለት እንጂ። ከዚህም በላይ ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መርታት እምብዛም አያስመሰግንም ነበር፤ በተናቀው መደቅ የረታ ግን ይጨበጨብለት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ዋርክራፍት 3ም ተመሳሳይ መንገድ ይዟል። የኦርኮች ተኩላ ጋላቢ መረብ ጥሎ በራሪውን ወደ መሬት ያወርደዋል፤ የሙታኑ ወገን ሸረሪትም በድሩ እንዲሁ ያደርጋል፤ ከወረደ በኋላ ሰይፍ የያዘ ተራ እግረኛ ይደርስበታል። ሁለት ራስ ያለው ካይሜራ ግንብ ሲያፈርስ አቻ የለውም፤ ሌላ በራሪ ሲመጣበት ግን መምታት አይችልም። የበረዶው ዘንዶ ደግሞ ብቻውን 7 ቀለብ ይበላል። ዘ ፍሮዝን ስሮን በተባለው ተከታይ ክፍል የሠራዊቱ ልክ 100 ቀለብ ሲሆን፣ ከ50 ያለፈ ሰው ከየ10 ወርቁ 7፣ ከ80 ያለፈ 4 ብቻ ያገኛል። ዘንዶ ያበዛ ሰው ግምጃ ቤቱ ይደርቃል ማለት ነው።

የኃይል ዋጋ በመሸከሙም እንደሚከፈል አፄ ቴዎድሮስ አሳይተውናል። በጋፋት የተሠራው፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር አካባቢ መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጅቷል፤ መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጉልበት ተጎተተ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሲከፈት ግን ያ ሁሉ ድካም ውጤቱን አልለወጠውም። ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። በራሪው እንደ ኃይለኛነቱ ይቆይ፤ ሦስት ነገር ግን አይጓደልበት። አንደኛ፣ ከመምጣቱ በፊት ሰላይ የላከ ሰው እየተዘጋጀ መሆኑን ሊያይ ይገባል። ሁለተኛ፣ መልሱ ድኻም ሊገዛው የሚችል፣ በጊዜ የሚደርስ መሆን አለበት፤ ዘንዶን በዘንዶ ብቻ መመለስ መልስ አይባልም። ሦስተኛ፣ የማይነካው ወይም የማይደርስበት ነገር ይኑር። ከእነዚህ አንዱ የጎደለበትን ጨዋታ ለውድድር አንምረጥ፤ ሦስቱም ያሉበትን ደግሞ ያለ ክልከላ እንጫወት።

ለዘንድሮው ውድድር አዘጋጆችም አንድ ልመና አለኝ። የክልከላ ማስታወቂያ ከመለጠፍ ይልቅ ለአዲስ ገቢዎቹ ወንድሞችና እኅቶች አንድ ምሽት ይሰጣቸው፤ የእያንዳንዱ ወገን መረብ የትኛው እንደ ሆነ፣ መቼም እንደሚጣል በተግባር ይማሩ። የኮምፒዩተር ትምህርት መምህሮቻችንም ስለ ሰንጠረዥ ሕግ ቢያነሡልን ነገ የራሳችንን ጨዋታ ለምንሠራው ትልቅ ስንቅ ይሆነናል። ተሸናፊ «መልስ ነበረኝ፤ ዘገየሁ» ብሎ ከተነሣ ነገ ተመልሶ ይመጣል። «ምንም ማድረግ አልችልም ነበር» ብሎ የተነሣ ግን አይመለስም። የተለየ ሐሳብ ያለው ጓደኛ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።